በየራሱ እርምጃ መማር፦ በኮምፒዩተር የሚሰጥ የሒሳብ ልምምድና የመምህሩ ድርሻ



ከትምህርት ሰዓት በኋላ በየቁምስናው አዳራሽ ልጆችን ሰብስባችሁ የምታስጠኑ ጥቂቶች አይደላችሁም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ተማሪዎች በኢንተርኔት አማካይነት፣ እያንዳንዱ በራሱ እርምጃ፣ የሒሳብ ልምምድ ስለሚያደርጉበት ዘዴ ልንመለከት እንወዳለን። የ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በተገለጸ ጊዜ፣ ከተፈታኞቹ መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል። በእኛ ግምት ከቀሩት ልጆች ብዙዎቹ የወደቁት በዚያ ፈተና ሳይሆን ከዓመታት በፊት፣ ማንም ሳያያቸው ነው።

ምሳሌ እናንሣ። «የአንድ ቁጥር ግማሹና ሲሶው ተደምረው 10 ቢሆኑ ቁጥሩ ስንት ነው?» ተብሎ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ይጠየቃል። ልጁ 1/2ን እና 1/3ን ሲደምር ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሮ 2/5 ይላል፤ ከዚያም ቁጥሩ 25 ነው ብሎ ይመልሳል። የ25 ግማሽ ብቻውን ከ10 እንደሚበልጥ ልብ አይልም። መምህሩ እኩልዮሹን እንደገና ያስረዳዋል። ልጁ የጎደለው ግን እኩልዮሽ አይደለም፤ ከዓመታት በፊት ሊያውቀው ይገባው የነበረ የክፍልፋይ መደመር ነው። የጋራ ታህት ፈልጎ 5/6 ቢያገኝ ኖሮ መልሱ 12 መሆኑን ራሱ በደረሰበት ነበር። ከመቶ 50 አግኝቶ ወደሚቀጥለው ክፍል የተዛወረ ልጅ፣ ያላወቀው ሌላው እኩሌታ አብሮት ይዛወራል።

ይህን ነገር የጥንቱ የፊደል ትምህርት ቤት በሚገባ ያውቀው ነበር። በየኔታ ዘንድ የሚማር ልጅ ፊደሉን ሳይለይ ወደ አቡጊዳ፣ ያንንም ሳይዘልቅ ወደ መልእክተ ዮሐንስ አይሻገርም ነበር፤ ዳዊት ይደግም ዘንድ የሚፈቀድለትም ስለ ደረሰበት እንጂ ዕድሜው ስለ ሞላ አልነበረም። በአንድ ጥላ ሥር የተቀመጡ ልጆች እያንዳንዳቸው በተለያየ ስፍራ ይገኙ ነበር፤ የበረታውም ታናሹን ያስቀጽል ነበር። (አለንጋውን ግን አናመሰግንም።) በአሜሪካም ቤንጃሚን ብሉም የተባሉት የትምህርት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1968 ይህንኑ የሚመስል ሐሳብ አቅርበዋል፤ ይኸውም ለሁሉም እኩል ጊዜ ሰጥቶ የተለያየ ውጤት ከመቀበል ይልቅ፣ ለየልጁ የሚበቃውን ጊዜ ሰጥቶ ሁሉም ጠንቅቀው እንዲያውቁ ማድረግ ነው። ችግሩ አንድ መምህር ለ60 ልጆች 60 ዓይነት ጥያቄ ማዘጋጀት አለመቻሉ ነበር።

ኮምፒዩተሩ የሚረዳው በዚህ ላይ ነው። ሳልማን ካን የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ2004 በሒሳብ የደከመች ዘመዱን ከሩቅ ከተማ ሆኖ ማስጠናት ጀመረ፤ ቆይቶም ጥያቄዎችን የሚያወጣ ፕሮግራም አዘጋጀ። እ.ኤ.አ. በ2008 የተቋቋመው ካን አካዳሚ መነሻው ይህ ነው። ልጁ ጥያቄ ይቀርብለታል፤ መልሱ ትክክል መሆን አለመሆኑ ወዲያው ይነገረዋል፤ ቢቸገር ፍንጭ ይሰጠዋል። መምህሩም ማን በየትኛው ርእስ ላይ እንደ ቆመ በራሱ ገጽ ይመለከታል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድን ርእስ ለማለፍ 10 ጥያቄዎችን በተከታታይ ያለ ስሕተት መመለስ ያስፈልግ ነበር፤ በመጨረሻው ላይ የተሰናከለ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ይህ ሥርዓት ኋላ መለወጡ መልካም ነው እንላለን።

ዘዴው ፍሬ ይሰጣል ወይ ለሚለው፣ በሕንድ ዋና ከተማ በዴልሂ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ጥናት ጥሩ ምስክር ነው። ማይንድስፓርክ የተባለውን ፕሮግራም ለመጠቀም ከተመዘገቡት 619 ተማሪዎች መካከል ከፊሎቹ በዕጣ ተመረጡ። የ6ኛ ክፍል ተማሪዎቹ ገና ሲጀምሩ በአማካይ 2 ክፍል ተኩል ወደ ኋላ የቀሩ ነበሩ። ከአራት ወር ተኩል በኋላ ዕጣ የወጣላቸው በሒሳብ በግልጽ በልጠው ተገኙ፤ ዕድሉን ካላገኙት መካከል ደካሞቹ ግን በእነዚያ ወራት ይህ ነው የሚባል መሻሻል አላሳዩም። ልብ ሊባል የሚገባው ግን፣ ልጆቹ 45 ደቂቃ በኮምፒዩተር ከሠሩ በኋላ ሌላ 45 ደቂቃ በትንንሽ ቡድን ሆነው ከአስጠኚ ጋር ይቀመጡ እንደነበር ነው።

እኛም በአንድ ቁምስና አዳራሽ ይህን ልምምድ ስናስጀምር የፈጸምነውን ስሕተት ልንሸሽግ አንወድም። ልጆቹ እንዲበረታቱ ብለን በየሳምንቱ ያገኙትን ነጥብ በግድግዳ ላይ ለጠፍን። አንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ ልምምዱን ከ4ኛ ክፍል ክፍልፋይ እንዲጀምር ተደርጎ ነበርና ስሙ ከታናሽ እኅቱ ስም በታች ተጻፈ። ሁለት ሳምንት ቀረ። ወደ ቤታቸው በሄድን ጊዜ እናቱ፣ «አባ፣ የልጄን ድካም አገር ሁሉ እንዲያነበው ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁታል አሉኝ፤ እውነት ነው?» ብለው ጠየቁን። የምንመልሰው አልነበረንም። ወረቀቱን አነሣን፤ ልጁም ሌሎቹ ከመምጣታቸው ከግማሽ ሰዓት በፊት እየመጣ እንዲሠራ ተስማማን። ወደ ኋላ ተመልሶ መጀመር ለትልቅ ልጅ ከባድ ኀፍረት መሆኑን አስቀድመን ልናስብ ይገባን ነበር።

ሌላም ነገር ታዘብን። አንዳንዶቹ ያለ ምንም ማሰብ ፍንጩን ደጋግመው በመጫን መልሱ እስኪገለጥ ይጠብቁ ነበር። ሌሎች ደግሞ ነጥብ ለመሰብሰብ ያወቁትን ርእስ ይደጋግሙ ነበር። ማሽኑ ሠርተዋል ይላል፤ እነርሱ ግን አልሠሩም። ያገኘነው መድኀኒት ደብተር ነው። እያንዳንዱ ልጅ ስሌቱን በእጁ ይጽፋል፤ አስጠኚውም በመካከላቸው እየተዘዋወረ «እስቲ ይህን እንዴት እንዳገኘኸው አስረዳኝ» ይላል። ጥያቄው በእንግሊዝኛ የቀረበለት ልጅ የተሰናከለው በሒሳቡ ነው ወይስ በቋንቋው የሚለውም የሚለየው በዚህ ጊዜ ነው።

ኢንተርኔት በማይደርስበት ስፍራ ኮሊብሪ የተባለ ነጻ ፕሮግራም አለ። ልምምዶቹ ኢንተርኔት ባለበት ከተማ አንድ ጊዜ ወደ ኮምፒዩተሩ ከተገለበጡ በኋላ፣ በአዳራሹ ውስጥ ላሉት ሌሎች ኮምፒዩተሮች ያለ ኢንተርኔት ይዳረሳሉ። ኮምፒዩተሮቹ ጥቂት ከሆኑ ልጆቹን በሁለት ከፍሎ፣ ከፊሎቹ ሲሠሩ ሌሎቹን ከደብተራቸው ጋር ማስቀመጥ ይቻላል። መብራትም ኮምፒዩተርም የሌለው ቁምስና ጥያቄዎቹን ከቀላሉ ወደ ከባዱ በካርድ ላይ ጽፎ፣ መልሱን ከጀርባው አድርጎ፣ በየርእሱ በፖስታ ውስጥ ቢያስቀምጥ ልጁ አንዱን ፖስታ ሲጨርስ ለአስጠኚው አሳይቶ ቀጣዩን ይወስዳል።