ስልክ አንሺው ማን ነው?
(ስለ ሥራ መጠሪያና ስለ ደመወዝ የቀረበ ትምህርት)



ከአፋፍ ላይ ሆኖ «የሰው ያለህ!» ሲባል መስማት ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። አንዱ ከጋራው ይጮሃል፤ ማዶ ያለው ተቀብሎ ለቀጣዩ ያደርሳል። ይኸ በመካከል ያለው ሰው ሌባውን አልያዘም፤ ቁስለኛውንም አልተሸከመም። ነገር ግን እሱ ዝም ቢል ኖሮ ያዡም ተሸካሚውም ባልደረሱ ነበር። እንግዲህ የዚህ ሰው ስሙ ማን ነው? የድካሙስ ዋጋ ስንት ነው? የዛሬው ትምህርታችን በዚህ ላይ ነው።

1ኛ. ሥራው ምንድን ነው?

ዛሬ ጩኸቱን የሚቀበለው ስልክ ነው። በአዲስ አበባ ለፖሊስ 991፣ ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደወላል። በገጠር ወረዳ ደግሞ ሰው በእጁ ያለውን የፖሊስ ጽሕፈት ቤት ቁጥር ይሞክራል።

ለምሳሌ ያህል፣ ከዘመሮ ወጣ ካለ መንደር አንዲት ልጅ በሌሊት ደወለች እንበል። «ኧረ ድረሱልን! አባቴን መቱት!» ትላለች፤ ታለቅሳለች፤ መስመሩም ይቆራረጣል። ተረኛው ልጅቷን እያረጋጋ መጠየቅ አለበት። የት ነሽ? የመታው ሰው ሄዷል ወይስ እዚያው ነው? በእጁ ምን ይዟል? አባትሽ ይናገራል? ደሙ ይፈሳል? «ከማርያም ወረድ ብሎ ነው» ብትለው፣ የትኛዋ ማርያም? ማርያም እንደሆነች በየአጥቢያው አለች! በአንድ ጆሮው ይህን እየሰማ ለፖሊሶቹ በሬድዮ ይነግራል፤ መሣሪያ ካለ ያስጠነቅቃቸዋል፤ ለጤና ጣቢያውም ያስታውቃል። አንዲት የቦታ ስም ቢሳሳት መኪናው ሌላ ሸለቆ ማዶ ይገኛል። በእኛ አገር ደግሞ ማዶ ማለት ለዓይን ቅርብ፣ ለእግር ግማሽ ቀን ነው።

2ኛ. ስሙና ደመወዙ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የሥራን ስም ግን የሚያወጣው መልአክ ሳይሆን መሥሪያ ቤት ነው። ድሮ በእጅ በሚዞረው ስልክ ዘመን «ስልከኛ» ይባል ነበር። ዛሬ «ኦፕሬተር»፣ «የሬድዮ ሠራተኛ»፣ ሲያልፍም «ስልክ አንሺ» ይባላል። «ስልክ አንሺ» ሲባል ሰምቶ ደመወዝ የሚቆርጥ ሰው ምን ይታየዋል? እጅ ዘርግቶ እጀታ ማንሳት ብቻ!

በአገራችን ስልኩን የሚያነሳው የፖሊስ አባል ከሆነ ደመወዙ የሚወሰነው በማዕረጉ ነው፤ ኮንስታብል እንደ ኮንስታብል፣ ሳጅን እንደ ሳጅን፣ ኢንስፔክተርም እንደ ኢንስፔክተር ይከፈለዋል። ማዕረጉ የአገልግሎቱን ዘመንና ሥልጣኑን ይናገራል እንጂ በዚያች ሌሊት ምን እንዳዳመጠ አይናገርም። ስልኩን የሚያነሳው ሲቪል ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ ደመወዙ የሥራ መደቡን ደረጃ ይከተላል። መደቡ በመዝገቡ ላይ በምን ስም እንደ ሰፈረ፣ ግዴታውም በምን ቃል እንደ ተዘረዘረ ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

3ኛ. ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም

ለንደን በ1937 እ.ኤ.አ. 999ን፣ አሜሪካ በ1968 እ.ኤ.አ. 911ን ጀመሩ። በአሜሪካ መንግሥት የሥራ ምደባ ይህ ሠራተኛ «የፖሊስ፣ የእሳትና የአምቡላንስ ላኪ» ይባል ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. በተሻሻለው ምደባ ስሙ «የሕዝብ ደኅንነት ቴሌኮሙኒኬተር» ተባለ። ስሙ ቢያምርም የተቀመጠው ከጸሐፊዎችና ከመዝገብ ሠራተኞች ጋር፣ በቢሮና በአስተዳደር ድጋፍ ክፍል ነው። ፖሊሱና እሳት አጥፊው በጥበቃ አገልግሎት ክፍል ተመድበዋል። ተማሪዎችን መንገድ የሚያሻግረው ሰው ሳይቀር እዚያው ከእነሱ ጋር ነው። ምደባው ለስታቲስቲክስ የተዘጋጀ ስለሆነ ራሱ ደመወዝ አይቆርጥም። ሆኖም ሠራተኞቹ «የጸሐፊ ስም ይዘን የደራሽ ሥራ እንሠራለን» የሚል አቤቱታ ያሰማሉ። የቴክሳስ ክፍለ ግዛት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ ከቀዳሚ ደራሾች ቆጥሯቸዋል።

4ኛ. ታዲያ ሥራ በምን ይመዘናል?

ሥራን ለመመዘን የታወቁ አራት መስፈርቶች አሉ፤ እነሱም ዕውቀትና ችሎታ፣ ጥረት፣ ኃላፊነት፣ የሥራ ሁኔታ ናቸው። እስቲ የልጅቷን ስልክ ያነሳውን ተረኛ እንመዝነው።

ሀ) ችሎታ፦ አገሩን በየጎጡ ማወቅ፣ የሚያለቅስን ሰው ማናገር፣ ሬድዮ መያዝ፤
ለ) ጥረት፦ ጉልበቱ ቢያርፍም ልቡና ጆሮው አያርፉም፤
ሐ) ኃላፊነት፦ የተጎጂውም የሚሄዱት ፖሊሶችም ሕይወት በቃሉ ላይ ነው፤
መ) የሥራ ሁኔታ፦ ሌሊት፣ በዓል፣ የሰው ሲቃ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ አባትየው ይትረፍ ይሙት ሳያውቅ ሊቀርም ይችላል።

«ጥይት ፊት የሚቆመውና ወንበር ላይ የሚቀመጠው እኩል ይከፈላቸው ወይ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በአራተኛው መስፈርት ፖሊሱ ይበልጣል። ነገር ግን በአንዱ መበለጥ በሦስቱም መናቅ አይደለም። ሚዛኑ ሁሉንም ይመዝን ነው የምንለው። «እኩል ዋጋ ላለው ሥራ እኩል ክፍያ» የሚለውን መርሕ የያዘውና በ1951 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 100 ስለ ወንድና ሴት ሠራተኞች ሲናገር የሚያስመዝነው መጠሪያውን ሳይሆን ሥራውን ነው። ኢትዮጵያም በ1991 ዓ.ም. አጽድቃዋለች።

5ኛ. ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

ነገ ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ሞላሌ፣ ወደ ራቤል ወይም ወደ ዓለም ከተማ ስንመደብ ሁለት ነገር እናስተምር። አንደኛ፣ ልጆቹ ሲደውሉ ቦታውን አስቀድመው፣ የሆነውን አስከትለው እንዲናገሩ፣ እስኪነገራቸውም ስልኩን እንዳይዘጉ። ሁለተኛ፣ ሰውን በሥራው ስም ማነስ እንዳይንቁ። ደራሹ የሚመሰገነው ደርሶ ነው። እንዲደርስ ያደረገውን ግን ማን ያየዋል?

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ለዚህ ሠራተኛ ሥራውን በትክክል የሚገልጽ የአማርኛ መጠሪያ አውጡ።
2. በአካባቢያችሁ ስሙ ያነሰ፣ ኃላፊነቱ የበዛ ሌላ ሥራ የትኛው ነው? በአራቱ መስፈርቶች መዝኑት።
3. የመምህርን ሥራስ በዚሁ ሚዛን ብታስቀምጡት ምን ያህል ይመዝናል?