የኮከብ ስም ስንት ድምፅ ያመጣል?

ጥያቄ፦ በኤንቢኤ የኦል ስታር ምርጫ ታዋቂ ተጫዋች ያለው ቡድን ያዳላለታል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ለኮከቡ ያዳላል፤ ለቡድኑ ግን ብዙም አይተርፍም።

የ2015ቱ ምርጫ ጥሩ ማሳያ ነው። አትላንታ ሆክስ በዚያ የውድድር ዘመን 60 ጨዋታ ቢያሸንፍም፣ ደጋፊዎች ለቋሚ አሰላለፍ ከመረጧቸው ውስጥ አንድም የሆክስ ተጫዋች አልነበረም። ዘመኑን በ17 ድል ብቻ የጨረሰው ኒውዮርክ ኒክስ ግን ካርሜሎ አንቶኒን አስመረጠ። በቡድን ቅንጅት ለሚያሸንፍ ክለብ ይህ ፍትሐዊ አልነበረም። የሆክስ ተጫዋቾቹን አል ሆርፎርድን፣ ፖል ሚልሳፕንና ጄፍ ቲግን በተጠባባቂነት ያስገቧቸው የሊጉ አሰልጣኞች ናቸው፤ የቡድን ጓደኛቸው ካይል ኮርቨርም በኋላ በጉዳት በወጣው ድዋይን ዌድ ምትክ ተጠራ።

ስም ከሜዳ ቆይታም ይበልጣል። ኮቢ ብራያንት በ2014 ሲመረጥ በዚያ የውድድር ዘመን የተጫወተው 6 ጨዋታ ብቻ ነበር።

ሊጉ በ2017 ደንቡን ለወጠ፦ ለቋሚዎች ምርጫ የደጋፊዎች ድምፅ 50 በመቶ፣ የተጫዋቾችና የጋዜጠኞች ደግሞ እያንዳንዳቸው 25 በመቶ ሆነ። ወዲያው ውጤቱ ታየ። የጎልደን ስቴቱ ጆርጂያዊ ዛዛ ፓቹሊያ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ የደጋፊ ድምፅ አግኝቶ በምዕራቡ የፊት መስመር ተጫዋቾች 2ኛ ቢወጣም፣ ተጫዋቾቹና ጋዜጠኞቹ ስላልደገፉት ሦስቱ ቋሚ ቦታዎች የካዋይ ሌናርድ፣ የአንቶኒ ዴቪስና የፓቹሊያ የቡድን ጓደኛ የኬቪን ዱራንት ሆኑ። የተጠባባቂዎቹ ምርጫ ዛሬም በአሰልጣኞች እጅ ነው፤ የራሳቸውን ተጫዋች መምረጥም አይችሉም።