ወረቀቱን የሚያነበው ማን ነው?



የዛሬው ትምህርታችን በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል፦ በስልካችን ለአንድ ሰው ብቻ ብለን የምንልከውን መልእክት ከተቀባዩ ሌላ ማን ሊያነበው ይችላል? ይህ ጥያቄ የገባኝ ክፍል ውስጥ ሳይሆን ዶርም ውስጥ ስንጫወት ነው።

ጨዋታው

ባለፈው የሴሚስተር እረፍት አምስት ሆነን ከዒሻ በኋላ "ፓራኖያ" የሚባል የጠረጴዛ ጨዋታ እንጫወት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ የታተመ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ አንዱ ደግሞ አጫዋች ሆኖ ታሪኩን ይመራል። ደንቡ ዳይስ ይጠይቃል፤ እኛ ግን ዑለሞች ስለ ዳይስ የሰጡትን ማስጠንቀቂያ አስበን ቁጥር የተጻፈባቸውን ወረቀቶች ከኩባያ እያወጣን ተጫወትን።

ታሪኩ የሚካሄደው አንድ ኮምፒውተር በሚገዛው ዝግ ከተማ ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩ ዜጎችን ሌት ተቀን ይከታተላል፣ በቀለም ደረጃ ይከፋፍላቸዋል፤ ከደረጃ በላይ የሆነ ነገር ማወቅ በራሱ ክህደት ነው። ተጫዋቾቹ ከሃዲዎችን አሳደው እንዲይዙ ይላካሉ። ችግሩ፣ እያንዳንዳቸው በድብቅ የተከለከለ ማኅበር አባል ናቸው። ስለዚህ ሁሉም አሳዳጅም ተሳዳጅም ነው።

ሌሎቹ እንዳያውቁበት የሚፈልግ ተጫዋች ሐሳቡን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ፣ አጣጥፎ ለአጫዋቹ ይሰጣል። አጫዋቹ እኔ ነበርኩ። አንድ ማታ አንዱ ጓደኛችን ወረቀቱን ሲሰጠኝ "ማንም አያየውም አይደል?" አለኝ። "ማንም አያየውም" አልኩትና ከፍቼ አነበብኩት። ሁላችንም ሳቅን። ያን ጊዜ ነገሩ ቀልድ ብቻ ነበር።

ሰርቨሩ

በዚያው ሰሞን ለክፍላችን ልጆች ማስቶዶንን በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጭኜ ለሙከራ ከፍቼ ነበር። ማስቶዶን እ.ኤ.አ. በ2016 ጀርመን ውስጥ የሚኖረው ፕሮግራመር ኦይገን ሮችኮ ያወጣው ማኅበራዊ ትስስር ነው። ፌስቡክን አንድ ኩባንያ ይዞታል፤ ማስቶዶን ግን በሺዎች በሚቆጠሩ የተለያዩ ሰርቨሮች ላይ ይሠራል። ማንም የራሱን ሰርቨር መክፈት ይችላል። ሰርቨሮቹ አክቲቪቲፐብ በሚባል የጋራ ፕሮቶኮል ይነጋገራሉ፤ ልክ የጂሜይል ተጠቃሚ ለያሁ ተጠቃሚ ኢሜይል እንደሚልከው ማለት ነው። "ያልተማከለ" የሚባለው ለዚህ ነው። ለክፍሉ ልጆችም በኩራት የነገርኳቸው ይህንኑ ነበር።

አንድ ቀን ሰርቨሩ ተበላሸና ጥፋቱን ፍለጋ ዳታቤዙን ከፈትኩ። ከመዝገቦቹ መካከል አንድ የክፍላችን ልጅ ስለ ቤተሰቡ ችግር ለጓደኛው በግል የጻፈው መልእክት ነበር። የማንንም የይለፍ ቃል አልሰበርኩም፤ ጽሑፉ ያለ ምንም ምስጠራ እንዳለ ተቀምጧል። ከመጀመሪያው መስመር በላይ ሳላነብ ዘጋሁት። ያች አንዲት መስመር ግን በቂ ነበረች። ከዚያ በኋላ ልጁን ካፌ ሳገኘው ቀና ብዬ ማየት ከበደኝ።

ሁለት ቀን ቆይቼ ነገርኩት። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ "ያልተማከለ ነው ስትለን ማንም አያየውም ማለትህ መስሎኝ ነበር" አለኝ። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አስመስዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ሁለቱን እንለይ

ያልተማከለ ማለት ሥልጣኑ ለብዙ ሰዎች ተከፋፍሏል ማለት ነው። ትልቅ ጥቅም አለው፦ አንድ ኩባንያ የሁሉንም ሰው መረጃ አይሰበስብም፤ የሰርቨሩን አስተዳደር ያልወደደ ሰው ተከታዮቹን ይዞ ወደ ሌላ ሰርቨር መዛወር ይችላል፣ የቀድሞ ጽሑፎቹ ግን አብረውት አይሄዱም። ቢሆንም እያንዳንዱ ሰርቨር አጫዋች አለው፣ አጫዋቹም ወረቀቱን መክፈት ይችላል። እንዲያውም መልእክቱ ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላ ሲሄድ ቅጂው በሁለቱም ዘንድ ስለሚቀር ሊያዩት የሚችሉት አስተዳዳሪዎች ሁለት ይሆናሉ።

ከአጫዋቹም የሚሰውረው ሌላ ነገር ነው፦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ምስጠራ። በዚህ አሠራር መልእክቱ በላኪው ስልክ ላይ ይቆለፋል፣ የሚከፈተውም በተቀባዩ ስልክ ላይ ብቻ ነው። መካከል ያለው ሰርቨር የታሸገ ፖስታ ከማድረስ ሌላ ውስጡን ማየት አይችልም። ሲግናልና ዋትስአፕ ለመልእክቶች ይህንን ይጠቀማሉ፤ ሁለቱም ግን የተማከሉ ናቸው። ማስቶዶን በተቃራኒው ያልተማከለ ነው፣ የግል መልእክቱ ግን እንዲህ አይቆለፍም።

አብዛኞቻችን የምንጠቀመው ቴሌግራምስ? ተራው ቻት፣ ግሩፕና ቻናል ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፉ አይደሉም። ይህ ቁልፍ ያለው ሁለት ሰዎች ብቻ በሚከፍቱት ሚስጥራዊ ቻት ላይ ነው፤ እሱም ራሳችሁ ካልከፈታችሁት በራሱ አይሠራም።

ምን እናድርግ?

1. ከመጻፋችሁ በፊት "ይህን ሰርቨር የያዘው ማን ነው? ማንበብስ ይችላል?" ብላችሁ ጠይቁ። የጤና፣ የቤተሰብና የገንዘብ ጉዳይ ከጫፍ እስከ ጫፍ በተቆለፈ መንገድ ብቻ ይላክ።

2. በማስቶዶን የግል መልእክት ውስጥ የሦስተኛ ሰው አድራሻ ከነምልክቱ አትጻፉ። ስሙን የጠራችሁት ሰው መልእክቱ ይደርሰዋል።

3. "አጥፋ" የሚለውን ቁልፍ ከልክ በላይ አትመኑ። ሰርቨራችሁ ለሌሎቹ የማጥፊያ ጥያቄ ይልካል እንጂ አያስገድዳቸውም።

4. በቴሌግራም ቅንብር ውስጥ ስልክ ቁጥራችሁን ማን ማየት እንደሚችል ወስኑ። በተለይ የትምህርት ግሩፕ ውስጥ ያላችሁ እህቶች ይህን ዛሬውኑ አስተካክሉ።

5. የትኛውም ቁልፍ ስክሪንሾትን አያስቆምም። ተቀባዩ የማይታመን ከሆነ ምስጠራው አያድናችሁም።

የመጨረሻው ነጥብ ለእኔ ቢጤ አስተዳዳሪዎች ነው። የሰውን ገመና መሰለል ክልክል መሆኑን ከልጅነታችን ጀምሮ መድረሳ ውስጥ ተምረነዋል። እኔ ግን ተጀሱስን በር ላይ ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው አድርጌ ብቻ ነበር የማስበው። የግሩፕ አድሚን፣ የሰርቨር ባለቤት ወይም የጓደኛውን ስልክ የሚጠግን ልጅ በሩ ቀድሞ ተከፍቶለታል፤ ማንም አያየውም። አማናው የሚከብደውም ለዚህ ነው። ማንበብ ስለቻልን ብቻ አናንብብ፤ ማንበብ እንደምንችልም ለሰዎቹ አስቀድመን እንንገራቸው።

ሰርቨሩ አሁንም ይሠራል። መግቢያ ገጹ ላይ ግን አንድ ማስታወቂያ ጨምሬያለሁ፦ "እዚህ የምትጽፉትን ሁሉ፣ የግል መልእክትንም ጭምር፣ አስተዳዳሪው ማንበብ ይችላል።" ማስታወቂያውን ካዩ በኋላ ሦስት ልጆች የግል መልእክት መጻፍ አቁመዋል። ደስ ብሎኛል።

ለውይይት፦ እናንተ አድሚን የሆናችሁበት ግሩፕ ውስጥ አባላቱ የማያውቁት ምን ማየት ትችላላችሁ?