የአተር ዱቄት መሰል ሻጋታና መከላከያው

መግቢያ

አተር ለደጋና ለወይና ደጋ ገበሬ ሽሮው፣ ክኩና እሸቱ ነው፤ መሬትንም ያዳብራል። ይሁን እንጂ ዘግይቶ የተዘራ አተር ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም መጨረሻ ገደማ ጀምሮ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ሊነጣ ይችላል። ይህን የሚያደርሰው ኤሪሲፌ ፒሲ የተባለ ፈንገስ ነው።

የበሽታው ምልክት

በመጀመሪያ በታችኞቹ ቅጠሎች የላይኛው ገጽ ላይ ትናንሽ ነጫጭ ክቦች ይታያሉ። በጣት ሲታሹ ዱቄቱ ይለቃል። ቀጥሎ ቅጠሉን፣ ግንዱንና የፍሬውን ቅርፊት ያለብሳል። ቅጠሉ ገርጥቶ ይደርቃል፤ ፍሬውም በሚገባ ሳይሞላ ይቀራል። በመጨረሻ በነጩ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ሊታዩ ይችላሉ። ግራጫ ሻጋታ ከቅጠሉ በታች በኩል ብቻ ከታየ ግን በሽታው ሌላ ነው።

በደረቅ ጊዜ የሚበረታበት ምክንያት

አብዛኞቹ የቅጠል በሽታዎች እርጥብ ቅጠል ይሻሉ። የዚህ ፈንገስ ስፖር ግን ለመብቀል የውሃ ጠብታ አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ከባድ ዝናብ አጥቦ ይጥለዋል። የሚስማማው ቀኑ ሞቅ ያለና ደረቅ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛና ጤዛ ያለበት ጊዜ ነው። ፈንገሱ በቅጠሉ ላይ ተዘርግቶ መምጠጫውን ወደ ውስጥ በመስደድ ከሕያው ተክል ምግቡን ይወስዳል። በአንድ ሳምንት ገደማ አዲስ ስፖር አፍርቶ በነፋስ ይበተናል። ወደ ገብስና ስንዴ ግን አይተላለፍም፤ የእነርሱ ዱቄት መሰል ሻጋታ ሌላ ዓይነት ፈንገስ ነው።

መከላከያው

1. ለአካባቢው በተመከረው ጊዜ መዝራት። የዘገየ አተር አበባው ከበሽታው ጊዜ ጋር ይገጥማል። ከመጠን በላይ ማስቀደምም በዝናብ የሚስፋፋውን የቅጠልና የግንድ ነጠብጣብ በሽታ ያባብሳል።

2. በሽታውን የሚቋቋም ወይም ቶሎ የሚደርስ ዝርያ መምረጥ። ሃርላንድ የተባለው ተመራማሪ በ1948 እ.ኤ.አ. በፔሩ አተሮች ላይ የገለጸው የመቋቋም ባሕርይ ዛሬም በማዳቀል ሥራ ያገለግላል።

3. ከአጨዳ በኋላ ቅሪቱን ለከብት ማዋል ወይም አርሶ መቅበር፤ ሳይዘራ የበቀለውን ገቦ መንቀል፤ በሚቀጥለው ዓመት በማሳው ላይ ገብስ ወይም ስንዴ መዝራት።

4. በአበባ ወይም ፍሬ መያዝ በጀመረበት ጊዜ ነጫጭ ክቦች እንደታዩ በውሃ የሚበጠበጥ ድኝ መርጨት። መጠኑ በመያዣው ላይ እንደተጻፈው ይሁን። በቀትር ሙቀት ከተረጨ ቅጠል ያቃጥላል። ፍሬው ከሞላ በኋላ መርጨት ትርፉ ወጪ ነው።

ማሳሰቢያ

በመያዣው ላይ የተመለከተው የመቆያ ቀን ሳያልፍ ከተረጨ ማሳ እሸት አይበላ፤ ከብትም አይግባበት። ገበሬው ከመስከረም አጋማሽ አንሥቶ በሳምንት ሁለት ጊዜ ማሳው ውስጥ ገብቶ የታችኞቹን ቅጠሎች ቢመረምር በሽታው ሳይስፋፋ ሊደርስበት ይችላል።