ስለ ደንገል ታንኳ፤ በጣና፥ በጥንቱ ዓለምና በቅዱሳት መጻሕፍት

ኦሪት ዘፀአትን ለልጆች የሚያነብ አስተማሪ፥ የሙሴ እናት ሕፃኑን በደንገል ሣጥን አድርጋ በወንዝ ዳር ማኖሯን ወደሚናገረው ወደ ምዕራፍ 2 ሲደርስ፥ ከልጆቹ አንዱ «ሣር በውኃ ላይ ሰው ይሸከማልን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይህም ጥያቄ የሚያሥቅ አይደለም፤ መልስ የሚገባው ነው። በጥርባና በአዊ አገር የሚኖር ሰው መልሱን ለማግኘት እስከ ግብጽ መሄድ አያስፈልገውም፤ ወደ ጣና ቢወርድ ነገሩን በዓይኑ ያየዋል።

ደንገል በረግረግና ጥልቀት በሌለው የውኃ ዳር የሚበቅል ተክል ነው። ቁመቱ ከሰው ቁመት ኹለት እጥፍ ሊበልጥ ይችላል፤ አገዳው ሦስት ማዕዘን አለው፤ በራሱም ላይ እንደ ጭራ የተበተነ ቀጫጭን ቅጠል ይወጣበታል። ከላይ ያለው ልጡ ጠንካራ ነው፤ ውስጡ ግን ነጭና እንደ ሰፍነግ በጥቃቅን ቀዳዳ የተመላ ነው፤ በቀዳዳውም ውስጥ አየር አለ። በአዊ አገር ያሉት የዘንገናና የጥርባ ሐይቆች ከምድር ውስጥ የወጣ እሳት በከፈተው ጉድጓድ የተጠራቀሙ ስለ ኾኑ ጠባያቸው ከጣና ይለያል። ጣና ሰፊና ዝርግ ነው፤ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፥ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ ዳሩ፥ ይልቁንም ግልገል ዓባይ በሚገባበት በኩል ያለው ረግረግ፥ ለደንገል የተመቸ ኾኖ ኖሯል።

ታንኳውን የሚሠሩት ከጥንት ጀምሮ በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ነገደ ወይጦ ናቸው። አሠራሩም እንዲህ ነው። ደንገሉ ታጭዶ በፀሐይ ይደርቃል። የደረቀው አገዳ በነዶ በነዶ ተደርጎ በገመድ ይጠፈራል፤ ነዶዎቹም ጎን ለጎን ተጋጥመው አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ይላል። በመካከሉ ደግሞ ሌላ የደንገል ነዶ ይነጠፍበታል፤ ተሳፋሪውና ጭነቱ ከውኃው ከፍ ብለው የሚቀመጡት በዚህ ላይ ነው። ቀዛፊው በረጅም ዘንግ እየገፋ ይሄዳል። ምስማርም፥ ሳንቃም፥ ዝፍትም የለበትም። ይህች ታንኳ እኽልና እንጨት ወደ ገበያ ስታመላልስ፥ በደሴቶቹ ገዳማት የሚኖሩትንም መነኮሳት ስታሻግር ኖራለች፤ ከክብራን ገብርኤልና ከዳጋ እስጢፋኖስ ጋራ የየብሱን ሰው ያገናኘች እርስዋ ናት።

እዚህ ላይ አስተማሪው ቆም ሊል ይገባዋል። ነገደ ወይጦ ቀድሞ የጉማሬ አዳኞች ስለ ነበሩና ሥጋውንም ስለሚበሉ፥ ጎረቤቶቻቸው ንቀዋቸው ብዙ ዘመን ኖረዋል፤ ስማቸውም ራሱ ስድብ እስኪመስል ድረስ ደርሷል። የሚንቋቸው ሰዎች ግን በሐይቁ ላይ የሚሻገሩት እነርሱ በሠሩት ታንኳ ነበር። ልጆች ይህን ነውር ከአባቶቻቸው ተቀብለው እንዳያስተላልፉ ትምህርት ቤት ካልከለከላቸው ሌላ የሚከለክላቸው የለም።

በግብጽም እንዲሁ ያለ ጀልባ ነበረ። በሳቃራ በሚገኘው ቲ በሚባል ሹም መቃብር ውስጥ፥ ከ4,000 ዓመት በፊት በተቀረጸ ሥዕል፥ ሹሙ በደንገል ጀልባ ላይ ቆሞ ጉማሬ ሲታደን ሲመለከት ይታያል። በ1946 ዓ.ም. በጊዛ የተገኘው የንጉሥ ኩፉ መርከብ ከዝግባ እንጨት የተሠራ ኾኖ ሳለ፥ ጫፎቹ የታሰረ ደንገል እንዲመስሉ ተደርገዋል፤ አናጺዎቹ እንጨት ቢያገኙም የአባቶቻቸውን የጀልባ ቅርጽ አልተዉም ማለት ነው። ግብጾች ከዚሁ ተክል የሚጻፍበትን ወረቀት ሠሩ፤ ግሪኮችም ተክሉን ቢብሎስ ብለው ስለ ጠሩት፥ ዛሬ አውሮፓውያን መጽሐፍ ቅዱስን የሚጠሩበት ስም የወጣው ከደንገል ስም ነው።

ወደ ቅዱሳት መጻሕፍት እንመለስ። በዕብራይስጥ የሙሴ ሣጥንና የኖኅ መርከብ በአንድ ቃል ይጠራሉ፤ ይህም ቃል በኦሪት ከእነዚህ ከኹለቱ በቀር ለሌላ ነገር አልተነገረም። ሣጥኑ በዝፍት ተለቅልቋል፤ የጣና ታንኳ ግን አይለቀለቅም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቀዛፊ እግሩ ቢርስ አይጎዳም፥ ሕፃን ግን በደረቅ መተኛት አለበት። ኢሳይያስ በምዕራፍ 18 ከኩሽ ወንዞች ማዶ ስላለችውና መልእክተኞችን በደንገል መርከብ ስለምትልክ አገር ይናገራል። አንዳንድ ሰው ይህን ሲያነብ ወዲያው «ጣና ነው» ይላል። ይህ ግን ከተጻፈው አልፎ መሄድ ነው፤ በነቢዩ ዘመን የኩሽ ነገሥታት ግብጽን ይገዙ ነበር፥ ከእነርሱም አንዱ ቲርሐቅ በምዕራፍ 37 ተጠርቷል፤ ስለዚህ ቃሉ በመጀመሪያ የሚመለከተው የዓባይን ሸለቆ ነው። በኢዮብ ምዕራፍ 9 ዕድሜ በፍጥነት ማለፉ በጀልባ ተመስሏል፤ በዕብራይስጡ ያለውን ቃል ብዙ ሊቃውንት የደንገል ወይም የሸምበቆ ጀልባ ብለው ይተረጕሙታል። ደንገል ቀላል ስለ ኾነ ምሳሌው ተስማሚ ነው።

አንድ ስሕተት ግን መታረም አለበት። በአማርኛ ወንጌል የሐዋርያት ጀልባ «ታንኳ» ስለሚባል፥ ልጆች ከደንገል የተሠራ ይመስላቸዋል። የገሊላ ጀልባ የእንጨት ነበር፤ በ1978 ዓ.ም. ከገሊላ ባሕር ጭቃ ውስጥ የጌታ ዘመን ገደማ የኾነ፥ 8 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የእንጨት ጀልባ ተገኝቷል።

የደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊሻገር ይችላልን? ሄየርዳል የሚባል የኖርዌይ ሰው ይህን ሊፈትን ከጣና ደንገል አሳጭዶ ወደ ግብጽ አስወሰደ። በፒራሚዶቹም አጠገብ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ቡዱማ የሚባሉ ሰዎች ጀልባውን ሠሩለት፤ ስሙንም ራ አሉት። ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ከሳፊ ወደብ ተነሥቶ ብዙ ሳምንት ከተጓዘ በኋላ፥ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የኋላው ጫፍ ሰጥሞ ተተወ። ጥፋቱ በደንገሉ አልነበረም። በግብጽ ሥዕል የኋላውን ቅስት ጫፍ ከወለሉ ጋራ የሚያያይዝ ገመድ ይታያል፤ ሠሪዎቹ ግን ጥቅሙን ስላላወቁ ትተውት ነበር። በሚከተለው ዓመት ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ አይማራዎች የሠሩት ኹለተኛው ራ ግንቦት 9 ቀን ከዚያው ወደብ ተነሥቶ በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰ። ይህም መሻገር እንደሚቻል አሳየ እንጂ፥ የጥንት ግብጾች አሜሪካ ደርሰዋል ለማለት ማስረጃ አይኾንም።

በጣና ግን ደንገሉ ራሱ እየተመናመነ ነው። ረግረጉ እየታረሰ ነው፤ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም ሐይቁን ወሯል። የሐይቁ አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተጠበቀ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ቢኾንም የሚታጨድ ደንገል ከጠፋ የታንኳ ሠሪው ዕውቀት ከአባት ወደ ልጅ የሚያልፍበት መንገድ የለም።

ትምህርቱን በሥራ ለማሳየት ደንገል ባይገኝ የደረቀ የበቆሎ አገዳ ይበቃል፤ ውስጡ ተመሳሳይ ነውና። ልጆቹ ወደ ሐይቅ እንዳይወርዱ ነገሩ በገንዳ ይደረግ። አገዳው በነዶ ታስሮ ድንጋይ ይጫንበት፤ በአጠገቡም ድንጋይ የያዘ የቅል ሽክና ይንሳፈፍ። ሽክናው ሲበሳ ውኃ ገብቶበት ይሰጥማል። ነዶው ቢበሳም አይሰጥም፤ ሽክናው የሚንሳፈፈው ውኃን ስለሚከለክል ነው፥ ነዶው ግን አየሩን በየቀዳዳው ለያይቶ ስለ ያዘ ነው። ከዚያም ነዶው በገንዳው ይደር፤ በማግሥቱ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ በጣት ይለካ። የጣና ሰው ታንኳውን ከሥራ በኋላ ወደ የብስ ጎትቶ በፀሐይ የሚያቆመው ስለዚህ ነው፤ እንዲያም ኾኖ ከጥቂት ወራት በኋላ አዲስ መጠፈር ግድ ይኾንበታል።