የቲቢ ባክቴሪያ መድኃኒት «የሚለምደው» እንዴት ነው?



በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም የጤና ባለሙያ ለቲቢ ታካሚ ደጋግሞ የሚናገረው ነገር አለ፦ «መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ፣ ይለማመዳል።» ብዙዎቻችን የሚለማመደው የታካሚው ሰውነት ይመስለናል። የሚለማመደው ግን ባክቴሪያው ነው። እሱም ቢሆን እንደ ሰው ቀስ በቀስ አይለምድም፤ ነገሩ ከዚህ ይለያል፣ ልዩነቱም የታካሚን ሕይወት ይወስናል። ባዮሎጂ ለማይማሩ ጀመዓዎች ጭምር እንዲሆን ቀለል አድርገን እንየው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቲቢ ባክቴሪያ ለሁለት ለመከፈል 20 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በተከፈለ ቁጥር ዘረመሉን ይገለብጣል፤ ሲገለብጥም አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ይስታል። ይህ ሚውቴሽን ነው። አብዛኛው ሚውቴሽን ለባክቴሪያው አይጠቅመውም። ጥቂቱ ግን አንድን መድኃኒት እንዲቋቋም ያደርገዋል። በግምት ከ1 ሚሊዮን ባክቴሪያ አንዱ ኢሶኒያዚድን፣ ከ100 ሚሊዮን አንዱ ደግሞ ሪፋምፒሲንን ይቋቋማል። ቲቢ ሳንባን ሲቦረቡር በሚፈጥረው ጉድጓድ ውስጥ እስከ 1 ቢሊዮን ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። አስሉት፦ ታካሚው ገና አንድ ክኒን ሳይውጥ፣ ኢሶኒያዚድ የማይነካቸው 1,000 ያህል ባክቴሪያዎች ደረቱ ውስጥ አሉ ማለት ነው። ሁለቱንም መድኃኒቶች በአንድ ጊዜ የሚቋቋም ለማግኘት ግን 100 ትሪሊዮን ባክቴሪያ ያስፈልጋል። ያን ያህል በአንድ ሰው ሳንባ ውስጥ አይገኝም። አራት መድኃኒት በአንድ ክኒን ተደባልቆ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ሚውቴሽኑ ከመድኃኒቱ በፊት እንደሚኖር ሳልቫዶር ሉሪያና ማክስ ዴልብሩክ በ1943 አሳይተዋል። እነሱ የተጠቀሙት ባክቴሪያን የሚገድል ቫይረስ ቢሆንም ትምህርቱ አንድ ነው፦ መርዙ ለውጡን አይፈጥርም፣ የተለወጠውን ለይቶ ያስቀራል እንጂ። ሕክምናውም በ1948 ዋጋውን ከፍሎ ተምሮታል። በብሪታንያ በተደረገ ጥናት ስትሬፕቶማይሲን ብቻውን የተሰጣቸው ታካሚዎች መጀመሪያ ተሻላቸው፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ግን በብዙዎቹ መድኃኒቱን የሚቋቋም ባክቴሪያ ተገኘ።

የኢሶኒያዚድ ጉዳይ ይገርማል። መድኃኒቱ ወደ ባክቴሪያው ሲገባ ገና መርዝ አይደለም። ወደ መርዝነት የሚቀይረው ካት-ጂ የሚባል የባክቴሪያው የራሱ ኤንዛይም ነው። ታዲያ ባክቴሪያው ካት-ጂን ለምን አይጥለውም? ምክንያቱም የሰውነታችን ተከላካይ ሕዋሳት የሚረጩበትን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚያመክንለት ይኸው ኤንዛይም ነው። ቢጥለው ከመድኃኒቱ ያመልጣል፣ በእኛ መከላከያ ፊት ግን ይዳከማል። በታካሚዎች ላይ በብዛት የሚታየው ሚውቴሽን በኤንዛይሙ 315ኛ ቦታ ላይ ያለ የአንድ አሚኖ አሲድ ለውጥ ነው። ይህ ለውጥ መድኃኒቱን ወደ መርዝ መቀየሩን ያስቀራል፣ ፐርኦክሳይዱን የማምከን አቅሙን ግን አብዛኛውን ይተውለታል።

አሁን ወደ ባክቴሪያው ሽፋን እንምጣ። ፈጣም ወንዝን የመሰለ ወራጅ ውሃ ዳር የውሃ ወፍጮ አይቶ የሚያውቅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ባክቴሪያው ከምግቡ ባገኘው ጉልበት ፕሮቶኖችን ከሽፋኑ ውጭ ያከማቻል፣ ልክ ውሃ ከፍ ብሎ እንደሚጠራቀም። ፕሮቶኖቹ ተመልሰው ሲገቡ ሽፋኑ ላይ የተተከለ ኤቲፒ ሲንቴዝ የሚባል ጥቃቅን መዘውር ያሽከረክራሉ፤ መዘውሩም የሕይወት ስንቅ የሆነውን ኤቲፒ ይፈጫል። ይህን አሠራር በ1961 ያቀረበው ፒተር ሚቸል በ1978 ኖቤል ተሸልሞበታል።

ቤዳኩሊን የተባለው መድኃኒት የሚይዘው ይህንኑ መዘውር ነው። ተሽከርካሪው ቀለበት ላይ ተለጥፎ እንዳይዞር ያደርገዋል። ያንቀላፋ ባክቴሪያም ቢሆን ያለ ኤቲፒ ስለማይኖር ይሞታል። አሠራሩ በ2005 ታወቀ፤ አሜሪካ በ2012 መጨረሻ ፈቀደችው። ከዚያ በፊት መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የያዘው ሰው እስከ ሁለት ዓመት ይታከም ነበር፤ ለወራት የሚወጋው መርፌም ብዙዎችን ጆሯቸውን ነሥቷቸዋል። በአገራችን ይህ ሕክምና በ2009 በአዲስ አበባ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል፣ ቀጥሎም በጎንደር ተጀመረ። ቤዳኩሊንን በፈተሸው ዓለም አቀፍ የስትሪም ጥናትም ኢትዮጵያ ተሳትፋለች። በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ቤዳኩሊን ያለበትን የስድስት ወር ሕክምና መክሯል።

ባክቴሪያው ግን እዚህም መንገድ አለው። መዘውሩን ራሱን የሚለውጥ ሚውቴሽን በታካሚዎች ላይ ብዙም አይገኝም፤ ወፍጮውን የነካካ ዱቄቱን ያጣልና። የተለመደው ሌላ ነው፦ ሽፋኑ ላይ ያለን ፓምፕ የሚቆጣጠር ጂን ይበላሻል። ቁልፉ የተሰበረበት ፓምፕ ያለ ልክ ይበዛና የገባውን ቤዳኩሊን መልሶ ይተፋዋል። ለሥጋ ደዌ የሚሰጠውን ክሎፋዚሚንንም አብሮ ይተፋል። ፓምፑ የሚሠራበት ጉልበት ደግሞ ከዚያው ሽፋን ላይ ከተጠራቀሙት ፕሮቶኖች የሚገኝ ነው።

ማቋረጥ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ቤዳኩሊን ከሰውነት ሙሉ በሙሉ ለመውጣት ወራት ይፈጅበታል። አብረውት የሚወሰዱት አብዛኞቹ ግን በቀናት ውስጥ ይወጣሉ። ያቋረጠ ሰው አውቆም ሳያውቅም ለወራት አንድ መድኃኒት ብቻውን፣ ያውም በትንሽ መጠን እየወሰደ ነው። በ1948 የታየው ነገር ይደገማል።

ወደ ራሳችን ስንመጣ፣ ሕክምና የሚቋረጥባቸውን ጊዜዎች እናውቃቸዋለን። አንዱ ረመዷን ነው። ሸሪዓው ለታመመ ሰው ሩኽሳ ሰጥቶታል፤ ቀዳ ማውጣትም አለ። መደበኛው የቲቢ ክኒን በቀን አንዴ ስለሚወሰድ ሰዓቱን ወደ ሱሑር ወይም ወደ ኢፍጣር ማዛወር ለአንዳንዱ ታካሚ ይቻል ይሆናል። መጾም ይችላል አይችልም የሚለውን ግን ሐኪሙ ይወስን። በራስ ፈቃድ ክኒን ዘሎ መጾም ተቅዋ መስሎ የሚታየው ወንድም ካለ፣ ከላይ ያለውን ስሌት አስረዱት። ዶርም ውስጥ ስድስት ሆነን ስለምንተኛ ጉዳዩ የእሱ ብቻ አይደለም።

ሌላው ጉዞ ነው። ለእረፍት ወደ ገጠር የሚሄድ፣ ለአጨዳ ወደ መተማ የሚወርድ፣ መንገድ የሚዘጋበት። ከመሄዳችሁ በፊት ከምትታከሙበት ጤና ጣቢያ የዝውውር ወረቀትና በቂ ክኒን ጠይቁ። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው።

ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ያለው ሰው አክታውን ያስመርምር። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ በሁለት ሰዓት ያህል ቲቢ መኖሩንና ሪፋምፒሲንን የሚቋቋም መሆኑን ይናገራል። የፓምፑን ሚውቴሽን ግን አያይም፤ እሱን ለማወቅ ባክቴሪያውን በትልቅ ላቦራቶሪ ለሳምንታት ማሳደግ ወይም ዘረመሉን ማንበብ ይጠይቃል።