በማንዋል መኪና ላይ የርቀት ማስነሻ መግጠም፦ ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን ማን ያረጋግጣል?

የጥያቄው መነሻ

ማንዋል መኪና መንዳት ለሚማር ሰው ቀድመው ከሚነገሩት ነገሮች አንዱ፣ ተዳፋት ላይ ሲያቆም የእጅ ፍሬን ስቦ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ማርሽ አስገብቶ መውረድ እንዳለበት ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ጀምራ ወደ አቃቂ እያዘቀዘቀች በተሠራች ከተማ ውስጥ ይህ ልማድ እንደ ትርፍ ጥንቃቄ የሚታይ አይደለም። የእጅ ፍሬን ገመዱ የላላ አሮጌ መኪና ሌሊቱን ካለበት ሳይነቃነቅ የሚያድረው በሞተሩ ኮምፕሬሽን ተይዞ ነው። የርቀት ማስነሻ ግን የሚፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው። መኪናው ውስጥ ሰው በሌለበት፣ ፍሪሲዮን የሚረግጥ እግር በሌለበት ሞተሩን የሚያስነሳ በመሆኑ ማርሹ የግድ ዜሮ ላይ መገኘት አለበት። ስለዚህም ሹፌሩን ለዓመታት ከአደጋ የጠበቀው ልማድ፣ መሣሪያው በተገጠመ ማግሥት አደጋውን የሚጠራ ልማድ ይሆናል።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው በልደታ ክፍለ ከተማ፣ ጌጃ ሰፈር ውስጥ የደረሰ አንድ ቀላል አደጋ ነው። የጸሐፊው ዘመድ የሆኑ ሰው በማንዋል ቪትዛቸው ላይ የርቀት ማስነሻ ያለው የማንቂያ ደወል አስገጠሙ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ማለዳ ከቤት ሳይወጡ አዝራሩን ሲጫኑ፣ ማታ እንደ ልማዳቸው አንደኛ ማርሽ ላይ የተዉት መኪና ወደ ፊት ዘልሎ የጎረቤትን የቆርቆሮ አጥር ገፍቶ ቆመ። በዚያ አጥር ሥር ቀን ቀን ድንችና ሽንኩርት ዘርግተው የሚሸጡ እናት ይቀመጣሉ። ያን ዕለት ገና አልመጡም ነበር።

የመሣሪያው አስፈላጊነት ራሱ የሚያከራክር መሆኑን ጸሐፊው አይክድም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ብትገኝም፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ቢወርድም፣ ነዳጅ በኢንጀክሽን የሚረጭለት ሞተር ለረጅም ጊዜ ቆሞ መሞቅ አያስፈልገውም። ይሁን እንጂ ከውጭ የሚመጡት ርካሽ የማንቂያ ደወሎች ብዙዎቹ የርቀት ማስነሻውን ጨምረው ስለሚይዙ ባለንብረቱ ከተገኘ ለምን ይቅር ይላል። በሌላ በኩል መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያሉት ማንዋል መኪኖች በመንገድ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየታቸውና ተጨማሪ ዕቃ እየተገጠመላቸው መሄዳቸው የሚጠበቅ ነው። በመሆኑም መገጠም የለበትም ብሎ ከማለፍ ይልቅ፣ የሚገጠም ከሆነ እንዴት ሊገጠም እንደሚገባ መመርመሩ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል።

ሞተሪኖ መኪና ሲገፋ

በአውቶማቲክ መኪና ላይ ጥያቄው ቀድሞ የተመለሰ ነው። የካምቢዮው መምረጫ ማቆሚያ ወይም ዜሮ ላይ ካልሆነ ወደ ሞተሪኖ የሚሄደውን መስመር የሚቆርጥ ማብሪያ ከፋብሪካው ተገጥሞለት ይመጣል። የርቀት ማስነሻውም በዚሁ ጥበቃ ሥር ይውላል። በማንዋል መኪና ላይ ግን ከፋብሪካው የሚመጣው ጥበቃ፣ ካለ፣ ያለው ከፍሪሲዮን ፔዳል ሥር ነው፤ ፔዳሉ ካልተረገጠ ሞተሪኖው አይዞርም። እንደ ላዳ ያሉት የቆዩት መኪኖች ይህም የላቸውም። የርቀት ማስነሻ የሚገጥመው ባለሙያ ሥራው እንዲሳካለት የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር እንግዲህ ይህን የፔዳል ማብሪያ በሪሌይ ማለፍ፣ ማለትም ፔዳሉ የተረገጠ ማስመሰል ነው። መኪናው ከነበረው አንድ ጥበቃ አንዱም ይጠፋል። በምትኩ ሌላ ካልተተካ ሥራው ተጠናቋል ሊባል አይችልም፤ ከላይ በተጠቀሰው ቪትዝ ላይ የሆነውም ይኸው ነበር።

ማርሽ ውስጥ ያለ መኪና በርቀት ሲነሳ ምን ያህል እንደሚሄድ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ለአንዲት አነስተኛ አውቶሞቢል የአንደኛ ማርሽ ምጣኔ 3.5፣ የዲፈረንሻሉ 4 ነው ብንል አጠቃላይ ምጣኔው 14 ይሆናል። የጎማውን ዙሪያ 1.8 ሜትር እንውሰድ። ሞተሪኖው ሞተሩን በደቂቃ 200 ጊዜ ሲያዞር ጎማው በደቂቃ 14 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ መኪናውም በሰከንድ 0.43 ሜትር ይንቀሳቀሳል። ይህ በሞተሪኖ ብቻ ነው። ነዳጅ ያለቀበትን መኪና አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ቁልፉን እየያዙ ከመንገድ ማውጣትን የሚያውቅ ሹፌር በስሌቱ አይገረምም። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። በደቂቃ 800 ዙር ላይ ፍጥነቱ በሰከንድ 1.7 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቀዝቃዛ ሞተር እንደሚያደርገው ወደ 1,200 ዙር ከፍ ካለ ደግሞ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከመኪናው አፍንጫ እስከ ጎረቤት በር ሁለት ሜትር በማይሞላበት የሰፈር መንገድ ላይ ለሰው የሚቀረው ጊዜ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው።

የእጅ ፍሬኑ ይይዘዋል የሚል ክርክር ከባለሙያዎች ዘንድ ይሰማል። ጥሩ የእጅ ፍሬን በእርግጥ ሞተሩን አንቆ ሊያጠፋው ይችላል። ነገር ግን የእጅ ፍሬን በአብዛኛው የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው፤ በቪትዝና በመሰሎቹ ላይ የሚጎትቱት ደግሞ የፊተኞቹ ናቸው። ከዚህም በላይ በኮምፒውተር የሚመራ ሞተር ዙሩ ሲወድቅ እንዳይጠፋ አየርና ነዳጅ ጨምሮ ይታገላል። ገመዱ የላላ እንደሆነ የሚያሸንፈው ሞተሩ ነው። አንዳንዶቹ መሣሪያዎች ሞተሩ አልተነሳም ብለው ሲያምኑ ደግመው፣ ሠልሰው እንደሚሞክሩም መዘንጋት የለበትም።

ሞተሩን ምስክር ማድረግ

በቅድሚያ ወደ አእምሮ የሚመጣው መፍትሔ የማርሹን ዘንግ የሚያይ ማብሪያ መግጠም ነው። ማግኔትና መግነጢሳዊ ማብሪያ ከዘንጉ ግርጌ ይታሠራሉ፤ ዘንጉ መካከል ላይ ሲሆን መስመሩ ይገጥማል። ጸሐፊው ይህን መንገድ በበቂ አላመነበትም። ያረጀ ካምቢዮ ላይ ያሉት ጎማዎችና መያዣዎች ስለሚበሉ ዘንጉ መካከል ላይ ያለ እየመሰለ ማርሹ ሳይወጣ ሊቀር ይችላል። ማብሪያው የሚያየው ዘንጉን እንጂ በካምቢዮው ውስጥ ያሉትን ጥርሶች አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ ለማንዋል መኪና ተብለው በተሠሩ መሣሪያዎች ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ባለሙያዎች ዝግጁ ማድረግ ይሉታል። አካሄዱ እንዲህ ነው። ሹፌሩ መኪናውን ያቆማል፤ ማርሹን ዜሮ ያደርጋል፤ የእጅ ፍሬኑን ይስባል፤ ሞተሩ እየሠራ እያለ ቁልፉን ይነቅላል። መሣሪያው ሞተሩን በራሱ ይዞ ያቆየዋል። ሹፌሩ ወርዶ በሩን ሲዘጋና ሲቆልፍ መሣሪያው ሞተሩን ያጠፋና በማኅደሩ ዝግጁ ብሎ ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ ማናቸውም በር ከተከፈተ ወይም የእጅ ፍሬኑ ከተለቀቀ መዝገቡ ይሰረዛል፤ ቀጥሎ አዝራሩ ቢጫንም ሞተሪኖው አይዞርም።

የዚህ አሠራር ብልሃቱ ማርሹን ሳያይ ስለ ማርሹ ማወቁ ነው። ሰው ወርዶ፣ ፍሪሲዮን የሚረግጥ ሳይኖር፣ ሞተሩ ሳይጠፋና መኪናው ሳይንቀሳቀስ ከሠራ ማርሹ ዜሮ ላይ ነው፤ ሌላ አማራጭ የለም። ምስክሩ ራሱ ሞተሩ ነው። ከዚያ ወዲህ የገባ ሰው ከሌለ ደግሞ ማርሹን የነካ የለም። ስለዚህ የማስረጃው ጥንካሬ ሁሉ የሚያርፈው በሁለተኛው ግማሽ፣ ማለትም የገባ ሰው የለም በሚለው ላይ ነው። መስኮት ተከፍቶ ከታደረ እጅ ገብቶ ማርሹን ሊያስገባ ይችላል። መኪናው ውስጥ የቀረ ልጅ ካለም በር መክፈት አያስፈልገውም። እነዚህን ሁለት ቀዳዳዎች መሣሪያው ሊደፍናቸው ስለማይችል ለባለንብረቱ በቃል ሊነገሩት ይገባል።

የበር ሽቦዎች

በሥራ ቤቶቹ በኩል ስሕተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። በብዙ መኪኖች የሹፌሩ በር ማብሪያ የራሱ ሽቦ አለው፤ የቀሩት በሮች በሌላ መስመር ይመጣሉ። ለማንቂያ ደወሉ ብቻ ታስቦ ሲሠራ ባለሙያው በቅርብ ያገኘውን የሹፌሩን በር ሽቦ ያገናኝና ያበቃል። ሌባን በተመለከተ ጉድለቱ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ለዝግጁነት መዝገቡ ግን፣ ተሳፋሪ በግራው ወይም በቀኙ በር ገብቶ ማርሹን ቢያስገባ መሣሪያው አያውቅም ማለት ነው። በሃይሩፍም ሆነ በሌላ ሚኒባስ ላይ የተንሸራታቹና የኋላው በር ማብሪያዎች በአቧራና በዝናብ ዝገው ከሥራ ውጭ ሆነው ስለሚገኙ ችግሩ ይብሳል። ማብሪያው ሲዝግ በሩ ሁልጊዜ እንደተዘጋ ሆኖ ስለሚቆጠር ብልሽቱ የሚያዘነብለው ወደ አደጋው ወገን ነው። የእጅ ፍሬኑ ማብሪያም ጥርሱ ትንሽ ብቅ ሲል ስለሚነካ፣ መብራቱ መብራቱ ፍሬኑ መያዙን አያረጋግጥም።

ጸሐፊው ይህን ከሰፈሩ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ጋር ሲወያይ፣ ጋሼ ያስተዋሉት ነገር ከዚህ ሁሉ ስሌት የቀደመ ሆኖ አግኝቶታል። በእርሳቸው አስተያየት ደንበኛው ማርሽ ሳያስገባ መውረድን ካልተለማመደ ዕቃው ለእርሱ አይሆንም። ተዳፋት ላይ የሚያድር ከሆነ ደግሞ የእጅ ፍሬኑ ገመድ ሳይጠበቅ እጃቸውን እንደማያነሱ፣ ለጎማውም ታኮ እንዲያደርግ እንደሚነግሩት ገልጸዋል። ማርሹ የነበረውን ሥራ የሚወስድ ሌላ ነገር መኖር አለበትና ነው።

ጉዳዩ የሕግ ገጽታም አለው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ያልተፈቀደለት ሰው ቢያንቀሳቅሰውም እንኳ፣ ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ሰው ሳይኖርበት የተነሳ መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ በቤቴ ውስጥ ነበርኩ በማለት ሊያመልጥ አይችልም።

የቀሩትን ነጥቦች በአጭሩ ማንሣት ይበቃል። የነዳጅ መቀላቀያው ካርቡሬተር የሆነ መኪና ማለዳ ላይ ቤንዚን ፔዳል ሳይነካለት ስለማይነሳ ለዚህ መሣሪያ አይመችም። ናፍጣ ሞተር ካንዴሌቱ እስኪግል መሣሪያው እንዲጠብቅ መስተካከል አለበት። ቁልፉ ቺፕ ያለው ከሆነ አንዳንዶች ሁለተኛውን ቁልፍ ከመሪው ሥር ደብቀው ያስሩታል፤ ይህ ለሌባ ቁልፉን ከነመኪናው ማስረከብ ነው። በጠባብ ጊቢ ውስጥ፣ ከመኝታ ክፍል መስኮት ሥር የሚያድር መኪና በርቀት ሲነሳ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ወደ ቤት እንደሚገባም ማሰብ ያስፈልጋል። መሥሪያ ጊዜው በተቻለ መጠን አጭር ይደረግ።

ቪትዙ በድጋሚ ለማንዋል በተሠራ መሣሪያ ሲገጠም ርክክቡ የተደረገው በፈተና ነበር። መኪናው ዝግጁ ከተደረገ በኋላ አንድ በር ተከፍቶ ተዘጋ፤ ቁልፉ ተቆልፎ አዝራሩ ተጫነ፤ ሞተሪኖው እምቢ ማለቱ ታየ። ይኸው በአምስቱም በሮች፣ በኮፈኑና በእጅ ፍሬኑ ላይ በየተራ ተደገመ። በግራ በኩል ያለው የኋላ በር ተከፍቶ ሳለ ሞተሩ ተነሳ። የማብሪያው ጫፍ በዝገት ተሸፍኖ ነበርና ተፈትቶ ተጠረገ፤ ከዚያም ፈተናው ከመጀመሪያው በር ተጀመረ።